የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ውሃ

ከጌታሁን ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ብርድ ልብስ መጭመቅ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በሰፈራችን ውሃ የሚመጣበት ቀን። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይዋ በርትታ ስለነበር ትልቁን ብርድ ልብስ በሳፋ ዘፍዝፌ፣ በእግሬ ረግጬ ረግጬ ሳበቃ ባለቤቴን ጠራሁት። የረጠበ ብርድ ልብስ ለአንድ ሰው አይጨመቅም። እሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን መጠምዘዝ ጀመርን። ሁለታችንም ወደ አንድ በኩል ስናዞር ኖሯል፣ ጨርቁ ዝም ብሎ በመካከላችን ይሽከረከራል።

«ወደ ቀኝ አላልኩሽም?» አለኝ።

«በማን ቀኝ?» አልኩት።

ሳቀና እጁን ቀየረ። ውሃው ባንዴ ጫማው ላይ ወረደ። አጥሩ ላይ ካሰጣነው በኋላ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከበረንዳችን የገፈርሳ ግድብ ይታያል። ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ የተኛው ውሃ በዚያ ሰዓት ቀለሙ ስለሚለወጥ፣ የሰማዩ ጫፍ ይሁን የመሬቱ ሳይለይ ያንጸባርቃል። ብርድ ልብሱ ሲደርቅ እሱ አጠፈው፤ እኔ አልጋው ላይ ዘረጋሁት። በማግስቱ ጠዋት ስቀሰቅሰው አልነቃም።

ይህን የምጽፈው ስለ ሥራዬ ነው። ስለ ሥራዬ ለመጻፍ የተቀመጥኩት ጡረታ ስወጣ ነበር፤ ሐሳቡም የእሱ ነው። ጽሑፉ ግን ያለ እሱ አይሄድልኝም። አንድ አንቀጽ እጽፍና ውጭ ውጭውን ሳይ እቆያለሁ፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሥራዬ ውሃ መክፈትና መዝጋት ነበር። አዲስ አበባን በከበቡት ከተሞች፣ መጀመሪያ በሱሉልታ፣ ቀጥሎ በሰበታ፣ በመጨረሻም በቡራዩ፣ መሬት ውስጥ የተቀበሩ ቫልቮችን በረጅም ብረት እያዞርኩ ውሃውን ከሰፈር ወደ ሰፈር በፈረቃ ሳከፋፍል ኖሬያለሁ። ሰው ቧንቧውን ከፍቶ ውሃ ሲወርድ ያያል፤ ከዚያ በፊት ጨለማ ውስጥ ቦቲ ጫማ አድርጎ ጉድጓድ የሚከፍት ሰው መኖሩን አያስብም። ማሰብም የለበትም። ሥራው በደንብ ሲሠራ የማይታይ ነው። ደሞዙም እንደዚያው ነበር ብዬ ልለፈው።

ከጌታሁን ጋር ስንጋባ የተመኘነው ነገር ትልቅ አልነበረም። በቀን ብርሃን አብረን ቤታችን መዋል ፈለግን፤ ሌላ የለም። እሱ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። ቡራዩ ላይ፣ ዳገቱ ጫፍ፣ ቀስ በቀስ ቤት ሠራን፤ ጎረቤቶቻችንም እንደኛ ከከተማ ኪራይ ሸሽተው የመጡ ነበሩ። እሱ ሳይነጋ የታክሲ ሰልፍ ይይዛል፣ እኔ ሳይነጋ ወደ ቫልቮቼ እሄዳለሁ፣ ሲመሽ እንገናኛለን። የቤታችንን ግድግዳ ቀለም የምናውቀው በመብራት እንጂ በፀሐይ አይደለም እያለ ይቀልድ ነበር። ገጹ ተገልብጦ የታሰረ፣ መሐሉ የጎደለ መጽሐፍ ከማተሚያ ቤቱ ያመጣልኛል። የጎደለው ገጽ ላይ ምን እንደነበረ እያሰብኩ እተኛለሁ። ማንበብም መጻፍም የወደድኩት በእነዚያ መጻሕፍት ነው።

ሱሉልታ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። የቧንቧ ሥራ ተምሬ፣ ገና ሳላገባ፣ በእንጦጦ ጀርባ ወደዚያ ብርድ ወረድኩ። ያኔ ከተማዋ መንገድ ዳር የተዘረጋች ትንሽ ነገር ነበረች፤ ከኋላዋ ሜዳ ነው፣ ሜዳው ላይ ጉም ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ላይ ሣሩ በውርጭ ይነጣል፤ ብረቱን በባዶ እጅ የያዘ ሰው ቆዳው ይጣበቃል። እዚያ የተቀበሉኝ ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ የመስመር ሠራተኛ ነበሩ። ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። እስከ መጨረሻው «ኢንታላ ኮ»፣ ልጄ፣ ነበር የሚሉኝ። እኔም አንቱ እያልኩ ተከተልኳቸው።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ ማዳመጥን ነው። መክፈቻ ብረቱን ቫልቩ ላይ ያስቀምጡና ሌላውን ጫፍ ከጆሯቸው ጀርባ ካለው አጥንት ጋር ያገናኙታል። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ውሃ በቧንቧ ውስጥ ሲሄድ እንደ ሩቅ ዝናብ ይሰማል። አየር ሲሆን ያፏጫል። የሆነ ቦታ ሲፈስስ ደግሞ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሰው በጥርሱ መሐል እንደሚተነፍስ። ለብዙ ጊዜ ምንም አልሰማም ነበር፤ የራሴን ደም ብቻ። አንድ ጠዋት ጉሙ ውስጥ ቆሜ ብረቱ በድንገት ዘነበብኝ። ቀና ብዬ ሳያቸው ፈገግ ብለው ነበር፤ ፊቴ ላይ አይተውታል መሰለኝ።

ሁለተኛው ትምህርት ቀስ ብሎ መክፈት ነው። ባዶ የሰነበተ ቧንቧ አየር ሞልቶታል። ባንዴ ሲከፈት ውሃው አየሩን እየገፋ ይሮጥና ደካማ ቦታ ሲያገኝ ቧንቧውን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ትንሽ ከፍተን እንቆማለን፣ እናዳምጣለን፣ ደግሞ ትንሽ እንከፍታለን። ኦቦ ቶሎሳ ውሃን በአንስታይ ነበር የሚጠሯት። «አትጎትቻት፣ ራሷ ትመጣለች» ይሉኛል።

ሦስተኛውን ግን እንደ ትምህርት አልቆጠርኩትም። ከፍተን ስንጨርስ ሌሎቹ ሠራተኞች ወደ ሻይ ቤት ይሄዳሉ። ኦቦ ቶሎሳ መስመሩን ተከትለው በእግራቸው እስከ መጨረሻው ቤት ይወጣሉ። አጥሩ ላይ ቆመው ሰላምታቸውን በኦሮምኛ ያደርሱና፣ ውሃ መጣ ወይ ብለው አይጠይቁም። ዛሬ ማን ቤት ዋለ፣ ባለፈው ማክሰኞስ ማን ነበር፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት መቼ ይመለሳሉ፣ እሱን ነው የሚጠይቁት። ጨዋታ ነው ብዬ አጥሩን ተደግፌ እጠብቃቸው ነበር። የአገር ቤት ሰው ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

ካገባሁ በኋላ ሰበታ ተዛወርኩ። ሰበታ ሌላ ዓለም ነው። ወደ ጅማ የሚወርደው የጭነት መኪና፣ የፋብሪካው ጭስ፣ በየፈረቃው እንደ ጎርፍ የሚወጡትና የሚገቡት ወጣት ሴቶች። መሬቱ ጥቁር ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ቧንቧውንም ቤቱንም ያንቀሳቅሳል። አለቃዬ ኢንጂነር ሰለሞን የሚባል ወጣት ነበር፤ ነገሩን ሁሉ እኩል ማድረግ የሚወድ፣ ቅን ልጅ። እያንዳንዱ ሰፈር እኩል ሰዓት ያገኛል። ችግሩ ሰዓት እኩል ሲሆን ውሃው እኩል አይሆንም። የታችኛው ሰፈር ቫልቩ እንደተከፈተ ይሞላል። የላይኛው ሰፈር ደግሞ ሰዓቱ የሚያልቀው አየሩ እስኪወጣ ነው። ዳገቱ ላይ ያሉት ሰዎች ዓመት ሙሉ የሚሰሙት ፉጨት ብቻ ነበር።

ይህን ለሰለሞን አስረዳሁት። ብረቱን ከጆሮው ጋር አገናኝቼ አሰማሁት። ገባውና የታችኛውን ሰፈር መስመር በቀን ዘግተን ውሃውን በሙሉ ወደ ላይ እንድንልክ ተስማማ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንደተማርኩት ቀስ እያልኩ ከፈትኩ። አየሩ ወጣ። ግፊቱ ጨመረ። ብረቱ ዘነበ። ውሃው ዳገቱን ሲወጣ በጆሮዬ ተከተልኩት፤ መጨረሻው ድረስ ደረሰ።

እኛ ዘንድ ሰው ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ውሃ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ቧንቧው ሁልጊዜ ክፍት ይተዋል፤ ከሥሩ ጄሪካን ወይም ባልዲ ይደረጋል። ውሃው ሲመጣ በድምፁ ይታወቃል፣ ቤት ያለ ሰው ሮጦ ይቀይራል። እኔም ቤቴ እንደዚያው ነው የማደርገው። የሰበታ ላይኛው ሰፈር የኪራይ ክፍሎች በዚያ ቀን ሁሉም ቧንቧቸው ክፍት ነበር፤ ሁሉም በራቸው ደግሞ ተቆልፏል። ተከራዮቹ ፋብሪካ ናቸው። አከራዮቹ አዲስ አበባ ይኖራሉ። ጄሪካኖቹ ሞሉ፣ ባልዲዎቹ ሞሉ፣ ከዚያ ውሃው በየበሩ ሥር እየወጣ ቁልቁል ሄደ።

እዚያው ዳገቱ ላይ፣ ከኪራይ ክፍሎቹ ዝቅ ብሎ፣ አያንቱ የምትባል ሴት ከባሏ እናትና ከልጆቿ ጋር በጭቃ ቤት ትኖር ነበር። የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ዙሪያቸው ተሸጦ አልቆ እነሱ ብቻ በአያታቸው መሬት ቀርተዋል። ወተት ይሸጣሉ። ሰዎች እየጮሁ ሲጠሩኝ ቫልቩን ዘግቼ ሮጥኩ። ደርሼ ሳይ የጓሮው ግድግዳ ከሥሩ ሟሙቶ አልጋው ላይ ተኝቷል። አማቷ ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ስለነበር ተርፈዋል። ቤት ውስጥ የነበረው ሁሉ ጭቃ ሆነ፤ የልጆቹ ደብተር፣ የወተቱ ዕቃ፣ ግድግዳው ላይ የነበረው የሠርጋቸው ፎቶ። ሰለሞን መጥቶ ሱሪውን ሰብስቦ ከእኔ ጋር ዕቃ ማውጣት ጀመረ። አያንቱ አልጮኸችም። በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«ዓመት ሙሉ ውሃ ስንለምንሽ ኖርን» አለችኝ። «ይኸው ሰጠሽን።»

ካሳ ተከፈላቸው። ቤቱ ግን ተመልሶ አልተሠራም። ተጂ የምትባል ከተማ ዘመድ ነበራቸውና በሳምንቱ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ሄዱ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤታቸውን በመሐል አቋርጠው። ፈረቃው ወደ ቀድሞው ተመለሰ፣ ዳገቱ ላይ ፉጨቱ ቀጠለ። እኔ መስመሩን ሁሉ በጆሮዬ አውቀዋለሁ፤ የሚኖሩበትን ሰዎች የቀን ውሎ ግን አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ነው ሱሉልታ አጥር ተደግፌ የጠበቅሁበት የሰላምታ ጊዜ ምን እንደነበር የገባኝ። ኦቦ ቶሎሳ የዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

የሆነውን ለጌታሁን የነገርኩት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። አንድ ምሽት ራቱን እየበላ፣ ሰው ቤቱ የሚገኝበትን ሰዓት ከማንም በላይ የሚያውቀው የታክሲ ሰልፍ ነው አለኝ። እንዲሁ የተወራ ነገር መስሎኝ አለፍኩት።

የመጨረሻው የሥራ ቦታዬ የራሴ ከተማ ሆነ። ቡራዩ ስዛወር ሰፈራችን ሞልቶ ነበር። ከእኛ በኋላ የመጡት የወ/ሮ ዘይነባ ቤተሰቦች፣ ከእነሱ በላይ አስተማሪው፣ ከእሱ በላይ ደግሞ በየክፍሉ የሚከራዩ አዲስ ተጋቢዎች። ሁሉም ከተማ ሠርቶ እዚህ ያድራል። ዳገቱ ላይ ተቀምጠን ገፈርሳን እናያለን፤ ያ የሚያንጸባርቀው ውሃ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፣ የእኛ ቧንቧ ደግሞ ደርቋል። የእኛ ተራ እኩለ ሌሊት ላይ ነበር፤ ያውም ሲመጣ። እናቶች ተነስተው ይሞላሉ፣ አባቶች ሳይነጋ ይወጣሉ፣ ልጆች ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ። ባልና ሚስት በአንድ ቤት እየኖሩ በተራ ይተኛሉ። ኑሮ ለመለወጥ የሠራነው ቤት የማደሪያና የውሃ መጠበቂያ ብቻ ሆኖ ነበር። የእኔና የጌታሁን ምኞት የሰፈሩም ምኞት እንደሆነ ያኔ አየሁ።

ሰዎች ቤታቸው የሚገኙበትን ሰዓት መፈለግ ጀመርኩ። ጌታሁን ያቺን የራቱን ወሬ አልረሳትም ነበር። በየጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቱና ከኋላው የቆመውን ይጠይቃል፤ ቅዳሜ ትሠራለህ፣ ስንት ሰዓት ትመለሳለህ፣ ሚስትህስ። ይሳለቁበት ነበር። የውሃዋ ሴትዮ ባል ስለሆነ የእሱ ቤት መቼም አይደርቅም ይሉታል። እሱም ከእኔ ቤት በፊት የእናንተ ውሻ ይጠጣል ብሎ ይመልሳል። እውነቱን ነው፤ ለቤቴ ከተራችን ውጭ ከፍቼ አላውቅም። ምሽት ላይ የሰማውን ሁሉ ይነግረኛል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር የሁሉም መልስ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን የታችኛው ሰፈር ተራ ነው። እዚያ የሚኖሩት ነባሮቹ ናቸው፤ እኛ ቤት የሠራንበት ዳገት የከብቶቻቸው ግጦሽ የነበረ። ሽማግሌያቸው ኦቦ ደገፋ ይባላሉ። በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ሐሳቡ ሲነሳ፣ መሬቱን ወሰዳችሁ፣ ባሕር ዛፉን ቆረጣችሁ፣ አሁን ደግሞ ቅዳሜያችንን ነው የምትፈልጉት አሉና ዱላቸውን ይዘው ወጡ። አንድም ሰው ተከትሏቸው አልወጣም፤ እኔም ጭምር።

በማግስቱ ግን የታችኛውን ሰፈር ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሬ ዞርኩ። ስለ ውሃ አልጠየቅሁም። ቅዳሜ ማን ቤት ይውላል ብዬ ጠየቅሁ። ቅዳሜ ከሰዓት አብዛኛው ሰው ገበያ ነው፤ ቤት የሚቀሩት አዛውንቶችና ሕፃናት ናቸው፣ በርሜል ማንሳት የማይችሉ። ማክሰኞ ጠዋት ብትሆን ይሻለን ነበር ያሉኝ ሴቶች ብዙ ነበሩ። መጨረሻ ላይ ኦቦ ደገፋ ደጅ ደረስኩ። ተነስተው ወንበር ሰጡኝ፣ አሬራ አስቀዱልኝ።

«ኦቦ፣ ማክሰኞ ጠዋት ላድርግላችሁ?» አልኳቸው።

«ውሃውን ከልክለናችሁ አናውቅም» አሉኝ። «እዚህ ደጅ መጥቶ የጠየቀን ሰው ነው የጠፋው። አንቺ ነሽ የመጀመሪያዋ።» ቀጥለውም ማክሰኞ ውሃ ይምጣ አይምጣ ሰኞ ሰኞ ማታ ራሴ መጥቼ እንድነግራቸው ቃል አስገቡኝ። ጡረታ እስክወጣ አንድም ሰኞ አላጓደልኩም።

ፈረቃው ተለወጠ። የመጀመሪያዋን ቅዳሜ አልረሳትም። ቫልቩን ከፍቼ መስመሩን ተከትዬ ወደ ላይ ስወጣ ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ነበር። አባቶች ሸሚዛቸውን አውልቀው ልጆቻቸውን ሳፋ ውስጥ ያጥባሉ። የወ/ሮ ዘይነባ ልጆች ምንጣፍ ዘርግተው በሳሙና አረፋ ላይ ይንሸራተታሉ። አስተማሪው የገዛ ፀጉሩን እያጠበ ሚስቱ በጆግ ታፈስስለታለች፤ ዓይኔ ገባ እያለ ይጮሃል፣ እሷ ትስቃለች። እነዚህን ሰዎች ለዓመታት የማውቃቸው በጨለማ፣ ጄሪካን ተሸክመው ነበር። በዚያ ብርሃን ፊታቸው አዲስ ሆነብኝ። ሕልም ውስጥ የገባሁ ያህል ቀስ ብዬ ነበር የምራመደው። የኑሮ መሻሻል ሲባል በየስብሰባው ሰምቻለሁ፤ ያኔ ግን በዓይኔ አየሁት፤ ቤተሰብ በቀን፣ በቤቱ፣ እርጥብ ሆኖ።

ቅዳሜን ለሁሉም ስሰጥ የራሴን ሰጠሁ። ጌታሁን ቤት ነው፣ እኔ መስመር ላይ። ብዙ ጊዜ በርሜሉን ሞልቶ ሲጨርስ እኔ ያለሁበት የቫልቭ ጉድጓድ ድረስ ወርዶ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ነበር። ብረቱን ከጆሮው ጋር አገናኝቼ አሰማዋለሁ። የእሱ ጆሮ የማተሚያ ማሽን አደንቁሮት ስለነበር ምንም አልሰማም፤ ግን ሰማሁ ይለኝ ነበር። ጡረታ ስትወጪ በረንዳችን ላይ እንሰማዋለን ይላል።

እሱ ቀድሞኝ ጡረታ ወጣ፣ እኔ ተከተልኩ። መስመሩን ለሃና አስረከብኳት። ሠላሳዎቹን ያለፈች፣ ጠንካራና ተጫዋች ሴት ናት፤ ቧንቧውን መስማትም ከእኔ ፈጥና ተማረች። አንድ በጋና አንድ ክረምት በቀን ብርሃን አብረን ቤት ዋልን። ግድግዳችን ሰማያዊ ነው ብዬ የማስበው አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ቅዳሜ መጣ።

እሑድ ቀበርነው። ማክሰኞ ጠዋት ድንኳኑ ገና አልፈረሰም፤ ከአዲስ አበባም፣ ከሰበታም፣ ከሱሉልታም ሰው ይመጣል። የማተሚያ ቤት ጓደኞቹ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። በርሜሎቻችን በሁለት ቀን አልቀው ስለነበር ጎረቤቶቻችን ከየቤታቸው እያመጡ ነበር የሚያበስሉት። ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ሰው ያወራል፣ እኔ የምሰማው የለም። በዚያ መሐል ከግድግዳው ውስጥ የሩቅ ዝናብ ሰማሁ።

የለመደ ጆሮ ነውና ሐዘንም አያቆመውም። ውሃ ዳገቱን እየወጣ ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ የታችኛው ሰፈር ተራ። ተነሳሁ። አዲስ አበባ የምትኖረው ልጄ ሰላም እጄን ብትይዘኝም አስለቅቄ፣ ነጠላዬን እንደዘቀዘቅሁ ከድንኳኑ ወጣሁ። ሃና አጥሩ ጋ ቆማ ነበር፤ ቦቲዋ ጭቃ ነው።

«የማንን ተራ ነው የከፈትሽልኝ?» አልኳት።

«እትዬ፣ የእኔ ሐሳብ አይደለም» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። በእጇ ወደ ድንኳኑ በር አመለከተችኝ።

ኦቦ ደገፋ ከሰፈራቸው ሰዎች ጋር ገና እየገቡ ነበር። ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ለሰው የሰጠሁትን ነገር ለራሴ ልወስድ አልችልም አልኳቸው፤ ሴቶቹ ዛሬ ይጠብቃሉ፣ ልጆች አሉ፣ ይዘጋ።

«ሴቶቹ ናቸው ትናንት ማታ ደጄ የመጡት» አሉኝ። «አንቺ ሰኞ ሰኞ ትነግሪን ነበር። ትናንትም ሰኞ ነበር፤ እኛ ተነጋገርን። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው እጁን ይታጠብበት። አንቺ ግቢና ተቀመጪ፣ ኢንታላ ኮ።»

ያን የኦቦ ቶሎሳን ቃል ከሰማሁ ብዙ ዘመን አልፎ ነበር። ከቀብሩ ጀምሮ ያልወጣልኝ ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣልኝ። ጓሮ በርሜሎቹ ይሞላሉ፣ ሴቶቹ ድስት ያጥባሉ፣ እኔ በኦቦ ደገፋና አብረዋቸው በመጡ ሌላ ሽማግሌ መሐል ሆኜ አለቀስኩ።

ሰላም አዲስ አበባ ይዛኝ ልትሄድ ፈልጋ ነበር። ኮንዶሚኒየሟ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ፀሐይ አለው፣ ውሃም አይጠፋም። ቤቱን አከራይተሽ ነይ አለችኝ። አስባለሁ አልኳት፤ እውነትም አሰብኩ። ብቻዬን በቀን ቤት መዋል እኛ የተመኘነው ነገር አይደለም። ግማሹ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ከምንም በላይ ይከብዳል።

ከአርባው በኋላ አንድ ቅዳሜ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሳለ ከአዲሶቹ ተጋቢዎች ክፍል የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን ነው፤ ባልዲው ሞልቶ እየፈሰሰ። በራቸው ተቆልፏል። ሰፈሩን ቀና ብዬ ሳየው ደጅ የወጣ ሰው ከቀድሞው ግማሽ አይሞላም። ከተማዋ አድጋለች፣ ኑሮው ተወድዷል፣ ወጣቶቹ ቅዳሜም እስከ ማታ ይሠራሉ። እኔና ጌታሁን ያገኘነው ሰዓት ዳግም ከሰዎች እጅ እየወጣ ነው፤ ያንን በቫልቭ መመለስ አይቻልም። ውሃው ግን በበሩ ሥር ወጥቶ ወደ ታች መውረድ ጀምሮ ነበር። ከታች የሰው ግድግዳ አለ። ዶማ አንስቼ ቦይ ቆፍሬ ወደ መንገዱ መለስኩት። ማታ ከተጋቢዎቹ ልጅቷ ስትመጣ ደጇ ላይ ጠበቅኋት።

«ቅዳሜ ቅዳሜ የቤትሽን ቁልፍ ስጪኝ» አልኳት።

ደንግጣ አየችኝ፣ ከዚያ ሳቀች። «እትዬ፣ ከእኛ ቤት ምን ሊሰርቁ ነው? ያለን ፍራሽ ነው» አለችና ከያዘችው ቁልፍ ላይ አንዱን ፈታ ሰጠችኝ። እሷ ለጎረቤቷ ነገረች፣ ጎረቤቷ ለሌላዋ። አስተማሪው ሳይቀር የሰው ልጆች ለማስጠናት ከተማ ስለሚውል የእሱንም ሰጠኝ።

ለሰላም እዚሁ እንደምቆይ ነገርኳት። ቅር አላት፤ በየወሩ መጥታ ታየኛለች።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ የዋሉትን ሰዎች ቤት እየከፈትኩ እገባለሁ። ጄሪካናቸውንና በርሜላቸውን እሞላለሁ። ሲሞላ ቧንቧቸውን እዘጋለሁ፣ በራቸውን እቆልፋለሁ፣ ወደሚቀጥለው ቤት እሄዳለሁ።